ዐቢይ ጾምና የተነሣው ጎረቤታችን

የ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የገባው ሰኞ መጋቢት 2 ቀን ነበር። በዚያው ሰሞን በአራዳ ቤቶች ይፈርሱ ነበር። የዓድዋ ድል መታሰቢያ የካቲት 3 ቀን ተመርቆ ብዙም ሳይቆይ የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ ፒያሳን ያዘ፤ ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ አሮጌ መንደሮችም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሜዳ ሆኑ። ዓርብ ዓርብ ለፍኖተ መስቀል ወደ ልደታ ለማርያም ካቴድራል በዚያ በኩል ይመጡ የነበሩ ምእመናን፣ ባለፈው ሳምንት ሰላምታ የሰጡበትን ደጃፍ በሚቀጥለው ሳምንት አላገኙትም። ጾሙ ሚያዝያ 27 ቀን በፋሲካ ሲፈታ፣ አብረው ጾመው አብረው ሊፈስኩ ይገባቸው የነበሩ ጎረቤታሞች በከተማይቱ ዳርቻዎች ተበትነው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች አጽዋማት ገብተው ወጥተዋል። መንገዱ ሰፍቷል፤ የእግረኛው መሄጃ ተነጥፏል፤ መብራቱም ሌሊቱን ቀን አድርጎታል። ስለዚህ ነገሩ አልፏል የሚሉን አሉ። እኛ ግን አንድ ያልተመለሰ የሥነ ምግባር ጥያቄ እንደ ቀረ ይሰማናል፤ ይኸውም ሰው ወዶ የሚተወውና ሳይወድ የሚወሰድበት ነገር በእግዚአብሔር ፊት አንድ ይሆናልን? አንድ ካልሆነስ፣ ወዶ የሚጾም ክርስቲያን ሳይወድ ላጣው ጎረቤቱ ምን ዕዳ አለበት? ይህን ጥያቄ በዐቢይ ጾም ማንሣት ተገቢ መስሎናል፤ ጾም ራሱ ስለ ማጣት የሚሰጥ ትምህርት ነውና።

አስቀድመን ስለ አራዳ ጾም ጥቂት እንበል። በዚያው በ2016 ዓ.ም. የሮማ ቤተ ክርስቲያን ፋሲካን ያከበረችው መጋቢት 22 ቀን ነበር። እኛ በዚያች ሰንበት መጻጉዕን እያሰብን ነበር፤ ከፊታችንም አምስት ሳምንታት ቀርተው ነበር። ከውጭ አገር የሚመጡ ካቶሊካውያን ወንድሞቻችን ይህን ሲያዩ ይደነቃሉ፤ ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጋር አንድ ሆናችሁ ሳለ ስለ ምን በዓሉን ከእርሳቸው ጋር አታከብሩም ይሉናል። መልሱ በታሪካችን ውስጥ አለ። ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ በዓፄ ሱስንዮስ ዘመን የሕዝቡን ሥርዓተ አምልኮ፣ በዓላቱንና አጽዋማቱን በላቲን ልማድ ለመለወጥ በተነሣ ጊዜ አገር ታወከ፤ ደም ፈሰሰ፤ ንጉሡም በ1632 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ ወደ ቀደመው ሃይማኖቱ እንዲመለስ አውጆ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። የሕዝብን ጾም መንካት ቀላል ነገር አይደለም። ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ፣ በ1839 እ.ኤ.አ. ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ የገባው ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ ሕዝባችን አቡነ ያዕቆብ ብሎ የሚጠራው፣ የሄደበት መንገድ ሌላ ነበር፤ የአገሩን ልብስ ለበሰ፤ የአገሩን ምግብ በላ፤ የግዕዙን ሥርዓት አከበረ። ዛሬ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ እያልን ሰንበታቱን የምንጠራ ካቶሊካውያን የእርሱ ልጆች ነን።

በአራዳ የካቶሊኩን ቤት ከኦርቶዶክሱ ቤት የሚለየው ብዙ ጊዜ አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፤ ከየደጁ የሽሮና የስልጆ ሽታ ይወጣል፤ በዚህ መካከል ቅቤ ማንጠር የጀመረች ካቶሊክ ብትኖር ወዲያው ትታወቃለች። የጎረቤት አፍንጫ ከብዙ ስብከት ይልቅ ጾም አስጠብቆናል ብንል ማጋነን አይሆንም። ልማዱ ግን በአፍንጫ ብቻ የቆመ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 የታወጀው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና ምእመናን በንስሐ ቀናት እያንዳንዳቸው እንደ ገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው ሥርዓት እንዲጾሙ ያዛል። ብፁዕ ካርዲናል ጳውሎስ ጻድዋ ወደ እንግሊዝኛ የተረጎሙት ፍትሐ ነገሥትም ዐሥራ አምስተኛ አንቀጹን ለጾም ሰጥቶታል። እንግዲህ አንዳንድ ወጣቶቻችን «ለካቶሊክ ሁለት ቀን መጾም ይበቃዋል» ሲሉ የምንሰማው ከላቲን ሥርዓት የተቀዳ ዝቅተኛ ግዴታ ነው፤ ከዚያ በታች መውረድ አይፈቀድም ማለት ከዚያ በላይ መውጣት አያስፈልግም ማለት አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ በፒያሳ ኬክ ቤቶች «የጾም ኬክ» የሚባለውን ሦስት አራት አድርጎ የሚበላው ሰው በእርግጥ ጾሟል ወይስ ቅቤን ብቻ ተቀይሟል የሚለውን ለአንባብያን እንተዋለን።

ይህን ሁሉ ያነሣነው የአራዳ ጾም የጎረቤት ጾም እንደ ነበር ለማስታወስ ነው። ጎረቤቱ በተነሣ ጊዜ ጾሙም ተነክቷል። ከመነሣቱ በኋላም በምእመናን መካከል ሁለት ዓይነት ንግግር ሰምተናል።

አንደኛው፣ እውነተኛ ጾም ፍትሕ ነውና የሆድ ጾም ይቅር የሚል ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ ያስተማረውን ይጠቅሳሉ፤ በእውነትም ነቢዩ እግዚአብሔር የሚሻው ጾም የተበደለውን ነጻ ማውጣት፣ ለራበው ማካፈል፣ መጠጊያ ያጣውን ድኻ ማስጠጋት መሆኑን አስተምሯል። ነገር ግን ነቢዩ ይህን የተናገረው አስቀድመው ለሚጾሙ ሰዎች ነው፤ ጾማቸው የጎደለው ነገር እንዲሞላላቸው እንጂ እንዲተዉት አልመከራቸውም። የሆድን ጾም የተወ ሰው በማግስቱ ለድኻ ሲቆረቆር አላየንም። ማጣት ምን እንደ ሆነ የገዛ ሥጋው ያልነገረው ሰው የሌላውን ማጣት እንደ ዜና ይሰማዋል፤ ሰምቶም ያልፈዋል።

ሁለተኛው ንግግር ሥርዓትን ከሚያከብሩ ሰዎች፣ ማለትም ከእኛው ወገን የወጣ ስለ ሆነ ይበልጥ ያሳስበናል። ቤታቸው ለፈረሰባቸው ሰዎች «ይህ የዘንድሮ ጾማችሁ ነው፤ ለጌታ አቅርቡት» የሚል ማጽናኛ ነው። በአደባባይ ደግሞ «ለልማት የተከፈለ መሥዋዕትነት» የሚለው አባባል ከተለመደ ቆይቷል። ሁለቱ አባባሎች ከተለያየ አፍ ቢወጡም ሥራቸው አንድ ነው፤ የአንዱን ሰው እጦት ሌላው ሰው መሥዋዕት ብሎ ይሰይመዋል።

መሥዋዕት ግን ባለቤቱ ከገዛ ገንዘቡ የሚያቀርበው ነገር ነው። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልእ መጨረሻ ላይ ንጉሥ ዳዊት መሠዊያ የሚሠራበት ቦታ በፈለገ ጊዜ የሆነውን እናስታውስ። የአውድማው ባለቤት ኢያቡሳዊው ኦርና ነበር። ኦርና አውድማውንም፣ በሬዎቹንም፣ ማገዶውንም እንዲሁ ያለ ዋጋ ሊሰጥ ወደደ፤ ለምኖም ነበር። ንጉሡ ግን ምንም ያላወጣበትን ነገር ለአምላኩ ማቅረብን እንቢ ብሎ አምሳ ሰቅል ብር ከፍሎ ገዛ። ጉዳዩ የተቀደሰ ነበር፤ ጊዜውም የመቅሠፍት ጊዜ ስለ ነበር ያስቸኩል ነበር፤ ጠያቂው ንጉሥ፣ ተጠያቂውም ከሌላ ወገን የሆነ ሰው ነበር። እንዲህም ሆኖ ዳዊት የሌላውን ሰው አውድማ የራሱ መሥዋዕት አላደረገውም። ስለ መሬትና ስለ መነሣት በሚነጋገር ጉባኤ ሁሉ ይህ ምዕራፍ ቢነበብ እንወዳለን።

ይሁንና አንድ ብርቱ ተቃውሞ እንዳለ አንክድም። ክርስትና ያልፈለጉትን መከራ በትዕግሥት መሸከምን ያስተምር የለምን? በፍኖተ መስቀል አምስተኛው ምዕራፍ ላይ የምናስበው የቀሬናው ስምዖን መስቀሉን የተሸከመው ተገዶ ነው፤ ከገጠር ሲመለስ ወታደሮች ይዘው አሸከሙት። ያ ግዴታ ግን ጸጋ ሆነለት፤ ልጆቹ እስክንድሮስና ሩፎስ በወንጌል በስማቸው እስኪጠሩ ድረስ። ይህ እውነት ነው፤ የተነሣውም ጎረቤታችን እጦቱን በጸሎት ከጌታ መስቀል ጋር ሊያዋሕደው ይችላል። ግን ማን ነው የሚያቀርበው? ስምዖን ነው። ከወታደሮቹ መካከል ስምዖንን ለክብር አበቃነው ብሎ ሊመካ የሚችል የለም። እንዲሁም ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በ1855 እ.ኤ.አ. ስለ እምነቱ በሰንሰለት ታስሮ ሲያርፍ ሞቱን ለአምላኩ ያቀረበው እርሱ ራሱ ነው፤ ያሰሩት ሰዎች ሰማዕት አደረግነው ሊሉ አይችሉም። ያለ ፈቃድ የመጣ መከራ መሥዋዕት ሊሆን የሚችለው በተሸካሚው ፈቃድ ብቻ ነው፤ ያንን ፈቃድ ሌላ ሰው፣ ሰባኪም ይሁን ሹም፣ በእርሱ ፈንታ ሊሰጥለት አይቻለውም።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ስድስተኛ በየካቲት 1966 እ.ኤ.አ. ስለ ንስሐ ባወጡት ሐዋርያዊ ሕግ ይህንኑ ልዩነት በጥንቃቄ አስቀምጠውታል። ኑሮ በተሻለበት ስፍራ የሚገኙ ምእመናን ራሳቸውን በመግዛትና ለድኾች በማካፈል እንዲመሰክሩ አሳሰቡ። ኑሮ በከፋበት ስፍራ ያሉትም መከራቸውን በጸሎት እንዲያቀርቡ መከሩ፤ በዚያው ዓረፍተ ነገር ግን የተሻለ ማኅበራዊ ፍትሕ እንዲመጣ በሚቻለው መንገድ ሁሉ እየጣሩ እንዲሆን ጨመሩበት። «አቅርቡት» የሚለውን ይዘን «እየጣራችሁ» የሚለውን ከጣልነው ግማሽ ትምህርት ብቻ ሰጥተናል።

ለእውነት ስንል ደግሞ የድሮውን አራዳ ገነት አድርገን አንሥልም። ግድግዳው ያዘመመ፣ ጣሪያው የሚያፈስ፣ ብዙ ቤተሰብ በአንድ መጸዳጃ የሚጠቀምበት ግቢ ብዙ ነበር። እሪ በከንቱ የሚለው የሰፈር ስም እንኳ ጮኾ ረዳት ያጣን ሰው የሚያስታውስ ነው። የከተማው አስተዳደር ለቀበሌ ቤት ተከራዮች ምትክ ቤት፣ ለባለ ይዞታዎችም ካሳና ምትክ ቦታ መስጠቱን አስታውቋል። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የውሃ ቧንቧና መጸዳጃ በገዛ በራቸው ውስጥ አግኝተው እግዚአብሔርን የሚያመሰግኑ አሉ፤ ምስጋናቸውንም ልናደበዝዝባቸው አንፈልግም። ከተማን ማደስ ኃጢአት አይደለም።

ጥያቄው አስተዳደጉ ላይ ነው። አራዳ ለከተማው ጥቅም ሲባል ሲነካ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። በጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን የአራዳ ገበያ የኢጣልያ ወራሪ መንግሥት የአገሬውን ሰው ከነጩ ለመለየት ሲል ወደ ምዕራብ ገፍቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ አዛወረው፤ ለእኛም ፒያሳ የሚለውን ስም ትቶልን ሄደ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 መጣ፤ ድኻው ተከራይ ተደሰተ፤ ከአንዲት ትርፍ ክፍል ኪራይ የምትኖረው መበለት ግን መተዳደሪያዋን አጣች፤ የቀበሌ ቤት የሚባለውም ከዚያ ተወለደ፤ የሚጠግነው ጠፍቶም አረጀ። ሦስቱ ዘመናት በሐሳብ የተራራቁ ናቸው፤ የመጀመሪያው የባዕድ ግፍ ስለ ሆነ ከኋለኞቹ ጋር በአንድ ሚዛን አይመዘንም። ሆኖም በሦስቱም ጊዜ ነዋሪው ውሳኔውን የሰማው ከተወሰነ በኋላ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ነገር ላይ ዝም አላለችም። ነፍሳቸውን ይማርና ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2015 እ.ኤ.አ. «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው፣ በቁጥር 152፣ ድኾች የሚኖሩባቸውን መንደሮች ከማፍረስ ይልቅ ባሉበት ማልማት እንደሚሻል አስተምረዋል። ማንሣቱ የግድ ከሆነም አስቀድሞ በቂ መረጃ እንዲሰጣቸው፣ ለሰው ልጅ የሚገባ መኖሪያ አማርጠው እንዲያገኙ፣ እነርሱ ራሳቸውም በነገሩ ተካፋይ እንዲሆኑ ያሳስባሉ። እነዚህ ሦስት ነገሮች ገንዘብ ብቻ የሚጠይቁ አይደሉም፤ ይበልጡን ጊዜ ይጠይቃሉ። በጥቂት ቀናት ማስጠንቀቂያ የተነሡ ሰዎች እንደ ነበሩ በወቅቱ ተዘግቧል። ለችኮላው ምንም ያህል በጎ ምክንያት ቢቀርብ፣ አረጋዊት እናት ዕቃዋን ለመሸከፍ የሚበቃ ጊዜ ማግኘት ከጸጋ ሳይሆን ከፍትሕ ወገን ይቆጠራል።

በተለይ የምናስበው ስሙ በመዝገብ ላይ የሌለውን ሰው ነው። ምትክ የሚሰጠው በሰነድ ለተጻፈ ስም ነው፤ ደባሉ፣ ከዘመድ ተጠግቶ የሚኖረው፣ በየሰው ቤት ልብስ እያጠበች ጓዳ ተከራይታ የምታድረው እናት ግን ሰነድ የላቸውም። እንጀራቸውም ከሰፈሩ ጋር የተያያዘ ነበር። ልብስ አጣቢዋን የሚያውቋት የዚያ ሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ሊስትሮው ደንበኞቹ በዚያ መንገድ ያልፋሉ፤ ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትቸረችረው ሴት በዱቤ የምትሰጠው ለምታውቀው ነው። በብዙ የአራዳ እድሮች ኦርቶዶክሱና ካቶሊኩ፣ ሙስሊሙና ፕሮቴስታንቱ በአንድ መዝገብ ሰፍረው ነበር፤ ድንኳን ለመትከል የሚጠሩት ወጣቶች ግን ዛሬ በሁለት ታክሲና በአንድ አውቶቡስ የሚደረስባቸው ሆነዋል። ምትክ ቤት ግድግዳና ጣሪያ ይተካል፤ ይህን ግን አይተካም።

እዚህ ላይ የመጻጉዕ ሰንበት ወንጌል ትዝ ይለናል። ሠላሳ ስምንት ዓመት የታመመው ያ ሰው ጌታ ሊድን ይወድድ እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ ስለ በሽታው አላማረረም፤ ውሃው በሚናወጥበት ጊዜ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነበር የተናገረው። ውሃው አጠገቡ ነበር፤ ስፍራውም የተሠራ ባለ አምስት መመላለሻ ነበር። የጎደለው ሰው ነበር። አዲሱ ቤት መልካም ሆኖ ሳለ የሚያለቅስ ተነሺ ለምን ያለቅሳል ብለው የሚደነቁ ሰዎች ይህን ወንጌል ደግመው ቢሰሙት መልሱን ያገኛሉ።

እንግዲህ የጿሚው ዕዳ ምንድን ነው? የሄርማ ኖላዊን መጽሐፍ አባቶቻችን በግዕዝ ጠብቀው አቆይተውልናል፤ የግዕዙም ትርጉም በ1860 እ.ኤ.አ. በላይፕሲክ ታትሟል። በዚያ መጽሐፍ ስለ ጾም የተሰጠው መመሪያ እጅግ ግልጽ ነው፤ ጿሚው በዚያ ቀን ሊበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስልቶ ለመበለት፣ ለሙት ልጅ ወይም ለተቸገረ ሰው እንዲሰጥ ያዛል። ማለት፣ የቀረው ምሳ ዋጋ የጿሚው ገንዘብ አይደለም። በጾም ያተረፈውን ለፋሲካ በግ የሚያጠራቅም ሰው እንደዚህ መጽሐፍ አስተሳሰብ የሌላ ሰው ገንዘብ ይዞ ነው የሚጠብቀው። ዛሬ ዘይቱና ሽሮው ራሱ በተወደደበት ዘመን የሚተርፈው ብዙ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ቢሆንም የአንድ ሰው የታክሲ መሳፈሪያ ይወጣዋል። ከገላን ጉራ ወይም ከሌላ ሩቅ ስፍራ እሑድ ጠዋት ወደ ቅዳሴ ለመምጣት የሚቸገር ቤተሰብ ካለ፣ የጾማችን ዋጋ ወዴት መሄድ እንዳለበት ብዙ መመራመር አያሻም።

ገንዘቡ ግን ከዕዳው ጥቂቱ ነው። ወዶ የተራበ ሰው ሳይወድ ለተራበው አብሮነቱን ይቀበለዋል፤ ጾሙ የጋራ የነበረው ከእርሱ ጋር ነውና። ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንን (ካቴኪስቶችን) አንድ ነገር እንለምናለን። በቁምስናው መዝገብ ላይ በተነሣ ምእመን ስም አጠገብ «ለቅቋል» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ስሙንም ለአዲሱ ሰፈር ቁምስና ማስተላለፍ ሥርዓቱ የሚፈቅደው ነው። ነገር ግን በአዲሱ መንደር አጠገብ ቤተ ክርስቲያን መኖሩ፣ ካለም የሚያውቀው ሰው ማግኘቱ ሳይረጋገጥ ስም ከመዝገብ አይፋቅ። የማይመጣውን ሰው ከመውቀስ በፊት የማይመጣበትን መንገድ ርዝመት እንለካ። ስንደውልለትም «ለምን ጠፋህ» ብለን አንጀምር፤ ከእኛ ሸሽቶ አልሄደም። ካቶሊክ ያልሆነውንም የአጥር ጎረቤት አንርሳው፤ የጾማችን ጠባቂ እርሱ ነበር።

ከዘወረደ ሰንበት እስከ መጻጉዕ ሰንበት ሦስት ዓርቦች አሉ። ለአንድ ካቴኪስት ከመዝገቡ ሃያ ስም ቢደርሰውና በየዓርቡ ከፍኖተ መስቀል በኋላ ለሰባት ሰው ቢደውል፣ መጻጉዕ ሳይደርስ ሁሉን ያዳርሳል። ስልኩ የማይሠራ ቢኖር የት እንደ ገባ የእድሩ ጸሐፊ ያውቃል።